ሊንከንን በ180 ብር

ደሴ ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የአብርሃም ሊንከንን የሕይወት ታሪክ ገዛሁ። 250 ብሎኝ ነበር፤ ተከራክሬ በ180 ወሰድኩት። ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነኝ፣ የጠበቃ ታሪክ ሳይ አላስችል ይለኛል።

የጥብቅናው ክፍል ግሩም ነው። ሰውዬው ትምህርት ቤት የቆየው ተደማምሮ አንድ ዓመት ቢሆን ነው። ሕጉን ለብቻው አንብቦ በእነሱ አቆጣጠር በ1836 ፈቃድ አገኘ። ከዚያ ኢሊኖይ ውስጥ በፈረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይሟገታል። በ1858 በአንድ የግድያ ክስ ምስክሩ «በጨረቃ ብርሃን አይቻለሁ» አለ። ሊንከን አልማናክ፣ ማለትም ጨረቃና ፀሐይ የሚወጡበትና የሚጠልቁበት ሰዓት የተጻፈበት የቀን መቁጠሪያ አወጣና ጨረቃዋ በዚያ ሰዓት ልትጠልቅ ተቃርባ እንደነበር አሳየ። ተከሳሹ ነፃ ወጣ። ይህን ለባለጉዳዮቼ ስንቴ እንዳወራሁት!

ፕሬዚዳንትነቱ ላይ ግን ጸሐፊው ተቻኩሏል። ለ1863ቱ የባሮች ነፃነት አዋጅ ሁለት ገጽ ብቻ! ሊንከን የተገደለው በ1865 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ እኛ ወሎ፣ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ። ይህን መጽሐፉ አይለውም፣ እኔው ነኝ ያሰላሁት።

ቅሬታም አለኝ። ከገጽ 97 እስከ 112 ተገንጥሏል። መልሼ ስወስደው ልጁ «ጋሼ አብሽር፣ ሌላ ሲመጣ እቀይርልዎታለሁ» አለኝ። አላመንኩትም ነበር። በሳምንቱ ደውሎ ቀየረልኝ። አዲሱ ሽፋኑ ላይ የቡና ስኒ ምልክት አለበት፣ ገጹ ግን ሙሉ ነው።