በወሬ ወይስ በወረቀት?

ደብረ ብርሃን ላይ ያሉ ወጣት አንባቢዎች ያነበቡትን ለጓደኛ የሚያካፍሉት በሁለት መንገድ ነው እንበል። ሰብሰብ ብሎ መወያየት፣ ወይም አስተያየትን ጽፎ መቀባበል።

ውይይቱ ሞቅ ያለ ነው። ለዚያ ብርድ ደግሞ ሙቀት አይጠላም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ገና ወሬው ሲጀመር ሁሉም ጉዱ ካሣ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ላይ ይረባረባል። አንዱ «እብድ ነው» ይላል፤ አንዷ «ከሁሉም ጤነኛው እሱ ነው» ብላ ትሞግታለች። ደስ ይላል። ችግሩ፣ ድምፁ ጎላ ያለው ይረታል። መጽሐፉን ሳይጨርስ፣ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውን ብቻ ሰምቶ የሚከራከርም አይጠፋም። (አይናቅም፤ ትረካው ግሩም ነው።)

ጽሑፍ ላይ ግን ማምለጫ የለም። «ወድጄዋለሁ» ብለህ ከጻፍክ ለምን እንደወደድከው ማስረዳት አለብህ። ያኔ መጽሐፉን መልሰህ ትገልጣለህ። በዛብህን ወላጆቹ በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን እንደተሳሉት ታስተውላለህ። የሰብለ ወንጌል ፍቅር ለምን እንደዚያ እንደከበደው ይገባሃል። በጫጫታ መሃል ይህን የሚያነሳ እምብዛም ነው። ዝምተኞቹ ልጆችም የሚያስደንቁት እዚህ ላይ ነው።

የጽሑፍ ጣጣው የትምህርት ቤት የቤት ሥራ መምሰሉ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ መጀመሪያ ግማሽ ገጽ ጽፎ ከዚያ መወያየት ነው። አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ጽሑፉን። ለጀማሪ ግን ወሬው ይሻላል፤ ገና ከመጀመሪያው «ጻፍ» ካላችሁት መጽሐፉንም ይዞ ይጠፋል።