ድብና የወፍ መመገቢያ፦ ምሰሶ ይሻላል ወይስ የብረት ገመድ?

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ወጥተው ድብ ወደሚዘዋወርበት ወደ ቨርጂኒያ ገጠር፣ ወደ ፍሮንት ሮያልና ወደ ዊንቸስተር አካባቢ ቤት የገዙ ወዳጆቼ በዚህ ዓመት ብቻ ስድስት ጊዜ ደውለው አንድ ነገር ጠይቀውኛል። «ድብ የወፍ መመገቢያችንን (ፍሬ ሞልተን ለወፎች ጓሮ የምንሰቅለውን ዕቃ) ሰባበረው፤ መስቀያ ምን እንግዛ?» ይላሉ። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሁለት ዛፍ ካላችሁ ምሰሶ አትግዙ፤ በመካከላቸው የብረት ገመድ ዘርጉ።

እኔ የጀመርኩት በምሰሶ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ስትከርም ካርዲናል የሚባለውን ቀይ ወፍ በመስኮት ማየት ትወድ ነበርና እርሷን ላስደስት ብዬ «ድብ የማይሰብረው» የተባለ ምሰሶ በ64 ዶላር አዘዝኩ። የመጣው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሰካ ሦስት ቁራጭ ቱቦ ነው። በኖቬምበር አጋማሽ አንድ ጠዋት ስወጣ ምሰሶው ከመገጣጠሚያው ላይ እንደ አገዳ ታጥፎ ተኝቷል። የተቀደደውን ጠርዝ በጣቴ ይዤ ብመለከተው ውፍረቱ ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አይበልጥም። በ38 ዶላር የገዛሁት መመገቢያም አብሮ ተሰባብሯል። በአንድ ሌሊት 102 ዶላር፣ ያውም የፍሬውን ዋጋ ሳልቆጥር።

ድቡን ግን አልወቅሰውም። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ ከ5,500 ካሎሪ በላይ አለው። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ለክረምቱ ስብ የሚያከማች ጥቁር ድብ ደግሞ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ሊበላ ይችላል። ጫካ ውስጥ የዛፍ ፍሬ ሲለቅም ከመዋል እኔ ጓሮ መምጣት ይቀለዋል።

ምሰሶ ካልገዛን ሞተን እንገኛለን ለምትሉ አንድ ምክር አለኝ። ሥዕሉን ትታችሁ ክብደቱን ተመልከቱ። ባለ 2 ኢንች ወፍራም የውኃ ቱቦ እንኳ በሜትር 5.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አራት ሜትር የሚሆን ምሰሶ 5 ኪሎ ብቻ ከሆነ ቀለም የተቀባ ስስ ቆርቆሮ እንደላኩላችሁ እወቁ። የእኔ እንደዚያ ነበር። አንዲት ወዳጄ ባለ 4 ኢንች ቱቦ በብየዳ አሠርታ፣ አንድ ሜትር ጉድጓድ አስቆፍራ በኮንክሪት አስተከለች። ቱቦው፣ ሲሚንቶውና የሠራተኛው ዋጋ ተደምሮ 430 ዶላር ሆነ። እርግጥ አልታጠፈም። ሆኖም ፍሬ ለመሙላት መሰላል ያስፈልጋታል፤ በበረዶ ቀን ደግሞ መሰላል ላይ መውጣት የሚያስመኝ ነገር አይደለም።

አሁን የእኔን ገመድ ልንገራችሁ። ገመዱ ከዛፍ ዛፍ ይዘረጋል፤ መመገቢያው መሃሉ ላይ ተንጠልጥሎ በፑሊ፣ ማለትም ገመድ በሚሽከረከርበት ትንሽ መንኮራኩር፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። 30 ሜትር ዝገት የማይዘው የብረት ገመድ 31 ዶላር፣ አራት ፑሊ 28፣ ሁለት ባለ ቀለበት ቡሎን 14፣ መወጠሪያው 9፣ ማሰሪያዎቹ 7። ድምሩ 89 ዶላር ነው። በፑሊው ላይ ግን አትቆጥቡ። እኔ መጀመሪያ አራቱን በ12 ዶላር ገዝቼ ነበር። መንኮራኩራቸው ፕላስቲክ ስለሆነ በጃንዋሪ ብርድ ሁለቱ ተሰነጠቁ፤ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነውን አንዱን በ7 ዶላር እንደገና ገዛሁ።

ዛፎቹ ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራራቁ። መመገቢያው መሃል ላይ ሲንጠለጠል ከመሬት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል፣ ከእያንዳንዱ ግንድም ሦስት ሜትር ይራቅ። ጥቁር ድብ ዛፍ መውጣት ያውቅበታል። ገመዱን ግንድ ላይ አትጠምጥሙ፤ ዛፉ ሲወፍር ያንቀዋል። ቡሎን ይሻላል።

በዚህም ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። መመገቢያውን ማውረጃና መስቀያውን ክፍል በናይሎን ሲባጎ ቀጥዬ ግንዱ ላይ አስሬው ነበር። ድቡ መመገቢያው ጋ መድረስ ሲያቅተው ሲባጎውን ነክሶ በጠሰው፤ መመገቢያው ራሱ ወረደለት። ከዚያ ወዲህ የሚወርደውም ክፍል ብረት ነው፤ የምቋጥረውም ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነው። ሦስት ክረምት አለፈ፣ አንድም ቀን አልተነካም።

ፍሬው ላይ ሚጥሚጣ ብንነሰንስ ድቡን አያባርረውም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ ወፎች የበርበሬ ማቃጠል አይሰማቸውም። እኔም ከፍሬው ጋር ለውሼ ሞክሬዋለሁ፤ ሽኮኮዎቹ ሸሹ፣ ድቡ ግን ሁሉንም ጠርጎ በላ። ከአገር ቤት የተላከ ሚጥሚጣ ለዚህ አይባክን።

ገመድም ቢኖራችሁ ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር መጨረሻ መመገቢያውን አውርዱት። በዚያ ወቅት ወፎቹ ትልና ዘር ሞልቶላቸዋል። ታዲያ ለክረምት ብቻ ከሆነ ገመዱ ለምን ያስፈልጋል? ቨርጂኒያ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ የማይተኙ ድቦች አሉ፤ ምግብ ካገኙ ወዲያ ወዲህ ማለታቸውን አይተዉም። ድብ መመገብ በቨርጂኒያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ከሰው ጓሮ መብላት የለመደ ድብም ብዙ ጊዜ መጨረሻው መገደል ነው። ይህን ሳስብ ከ89ኙ ዶላር አንዱም አይቆጨኝም።

ዛፍ የሌላችሁ በ12 ዶላር የመስኮት መስቀያ ግዙ። በክረምት ብቻ፣ ለቀኑ የሚበቃ ፍሬ ጨምራችሁ ሳይመሽ አስገቡት። የፍሬውን ከረጢት ቤት ውስጥ እንጂ ጋራዥ አታስቀምጡ። የጎረቤቴ የጋራዥ በር ታችኛው ጠርዝ ላይ አምስት የጥፍር ጭረት እስከ ዛሬ ይታያል።