አሮጌው የሌጎ ግንብ፣ ቁጥር 6080፦ ያዋጣል ወይ?

ባጭሩ ያዋጣል፣ ትዕግሥት ካላችሁ። 6080 የመጫወቻ ጡብ ሠሪው ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው የንጉሡ ግንብ ነው። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ግንብ፣ ቁጥር 375፣ ቢጫ ነበር፣ ፈረሶቹም ከጡብ ነበር የሚገጣጠሙት። እዚህኛው ላይ ግን ግድግዳው ግራጫ፣ ፈረሶቹም ወጥ ሆነው የተቀረጹ ናቸው። ምሽግ ምሽግ የሸተተው ያኔ ነው ባይ ነኝ።

የኔ ነፍስ ያለችው ማጠፊያው ላይ ነው። ግድግዳውን ይዛችሁ ስትስቡት ግንቡ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ውስጡን እንደ ልብ ታያላችሁ።

መመሪያው ግን ፈተና ነው። የዛሬዎቹ በየደረጃው የትኛው ጡብ ስንት እንደሚገባ ይነግሯችኋል፤ የድሮው ሥዕሉን ያሳይና ዝም ይላል፣ ልዩነቱን ፈልጎ ማግኘት የናንተ ፋንታ ነው።

ሻጩ «ሙሉ ነው» ብሎ ነበር የሸጠልኝ። የቱ ነው ሙሉ? የሁለት ወታደሮች ደረት ብብታቸው ሥር ተሰንጥቋል፣ ግድግዳው ላይም አዲስ ግራጫ ጡብ ቀላቅሎበታል። ይቺን ልብ በሉ፦ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ግራጫውን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አድርጎ ቀይሮታል፣ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ዓይን ይወጋል፣ ስለዚህ የጎደለውን ብሪክሊንክ ላይ (የሌጎ ጡብ የሚገበያዩበት ድረ ገጽ ነው) ስትፈልጉ የድሮውን ግራጫ ለይታችሁ እዘዙ። ፀሐይ የመታው ጡብም ይወይባል፤ ፎቶ ላይ ላይታይ ስለሚችል ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ሳጥኑን ግን እርሱት። ዋጋውን ይሰቅለዋል እንጂ አይገጣጠም።