የሐዘንተኛ ታዳጊዎች ማዕከል በኮሎምበስ፦ ቁጣን የሚያውቅ፣ ቋንቋን የዘነጋ አገልግሎት

በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ፣ ወላጅ ወይም ወንድምና እህት የሞተባቸውን ልጆች በነፃ የሚያስተናግድ አንድ ማዕከል አለ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ የጎረቤቴን የ15 ዓመት ልጅ በየሁለት ሳምንቱ በመኪናዬ ሳመላልስ ስለ ቆየሁ፣ አገልግሎቱን በቅርብ አይቼዋለሁ።

ቤተሰቡ ኔፓልኛ ተናጋሪ ከሆኑት፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከቡታን ተባርረው በምሥራቅ ኔፓል መጠለያዎች ለዓመታት ከኖሩትና በኋላም ወደ አሜሪካ ከመጡት ስደተኞች ወገን ነው። አባትየው ሲያርፍ ልጁ በኩር በመሆኑ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጨው ሳይቀምስ 13 ቀን ተቀመጠ፤ ሰልስትና አርባን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እምብዛም እንግዳ አይሆንብንም። ትምህርት ቤት በተመለሰ በሳምንቱ ግን በተላጨ ራሱ ከቀለደ ልጅ ጋር ተደባደበ። የንዴቱ ሥር ሌላ ነው፦ አባቱ እንደማይድን ሐኪሙ የተናገረውን ለእናቱ በኔፓልኛ የነገራት እርሱ ራሱ ነበር። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ አስተርጓሚ እንዳያደርጉ ደንብ ቢኖርም፣ ያን ምሽት አስተርጓሚ የጠራ ሰው አልነበረም።

ማዕከሉ የሚከተለው በ1982 (እ.ኤ.አ.) በፖርትላንድ፣ ኦሪገን የተመሠረተው ዳጊ ሴንተር የተባለ የሐዘንተኛ ልጆች ማዕከል ያስፋፋውን አሠራር ነው። ልጆቹ በዕድሜ ተከፍለው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ መናገር ያልፈለገ «ልለፍ» ማለት ይበቃዋል፤ አሳዳጊዎችም በዚያው ሰዓት በሌላ ክፍል ይሰበሰባሉ። ከሁሉ የወደድኩት ግን «የእሳተ ገሞራ ክፍል» የሚሉትን፣ ግድግዳውና ወለሉ በፍራሽ የተለበጠውን ክፍል ነው፤ እዚያ መጮህ፣ ትራስ መወርወር፣ የቦክስ ከረጢት መደብደብ ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው ራስን ወይም ሌላውን መጉዳት ብቻ ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ አራት ምሽቶች ከ«ልለፍ» በቀር ቃል አልወጣውም። በአምስተኛው ከዚያ ክፍል በላብ ተጠምቆ ወጣና መኪና ውስጥ «አንቲ (አክስቴ)፣ ማንም ተረጋጋ አላለኝም» አለኝ። ለቅሶ ቤት ገብተን «በቃ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ማለት የሚቀናን እኛ ይህን ብናስብበት ደግ ነው።

ጉድለቱ በሩ ላይ ነው። የመመዝገቢያ ቅጹ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ መዝጋቢዋ «አባትየው እንዴት ሞተ?» የሚለውን ጥያቄ ለእናቱ እንዲተረጉምላት ልጁን ጠየቀችው። ቁጣን የማስታገስ ሙያ ያለው ቤት፣ ቁጣውን የወለደውን ሥራ መልሶ አሸከመው። አቤቱታ ካቀረብኩ በኋላ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ተመደበ፤ ይሁን እንጂ ድምፁ እየተቆራረጠ እናቲቱ በአዋቂዎቹ ክብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብላ ትቀመጣለች። መክፈቻው ላይ የሚቀርበው ፒዛም ሥጋ ያለበት ስለሆነ፣ የበሬ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች የአይብ ብቻ እንዲሆንላቸው ቀድመው ይንገሩ።

ማውራት የማይፈልግ፣ በር እየወረወረ የሚዘጋ ታዳጊ ያለው ቤተሰብ ያለ ማመንታት ይውሰደው። አስተርጓሚ ግን ከሳምንት በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ በቀጠሮውም ዕለት አስተርጓሚው መስመር ላይ መግባቱን እስክታረጋግጡ ድረስ ልጁን መኪና ውስጥ አቆዩት።