ጣቱን ወግታ አባቴን ላተረፈችልኝ የላብራቶሪ ባለሙያ

ስሟን አልጽፍም፤ አትወድም። ጤና ጣቢያችን ደም የሰጠ ሁሉ ግን ያውቃታል።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከደጋ ወርዶ አያውቅም። ድንገት ያንቀጠቅጠው፣ ያተኩሰው፣ ከዚያ በላብ ያጠምቀው ጀመር። አንድ ቀን ደህና ውሎ በማግስቱ ይነሳበታል። መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ ደሙን እንኳ ሳያዩ "ታይፎይድ ነው" ብለው መድኃኒት አሸክመውን ተመለስን።

በሳምንቱ እሷ ጋ ደረስን። "ወባ እንይ" አለች። አባቴ ሳቀ፤ "ልጄ፣ ወባ የቆላ ነው።"

"አባባ፣ ትንኟ ይህን አልሰማችም" ብላ ጣቱን ወጋችው።

ኋላ ጠርታ ማይክሮስኮፑን ለቀቀችልኝ። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ገዝፎ፣ ሆዱ ውስጥ ሐምራዊ ነገር ይዟል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው። ይሄኛው ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ከክሎሮኪን ኪኒን ሌላ ለ14 ቀን ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት ያስፈልገዋል። ፕሪማኩዊን የአንዳንዱን ሰው ቀይ ደም ያፈርሳልና ያንንም አስቀድማ መረመረች። በአምስተኛው ቀን አባቴ "ድኛለሁ" ብሎ ኪኒኑን ሲያስቀምጥ ስልክ ደውላ የተቆጣችውስ!

ደጋ ለምን እንደሚጎዳ የገባኝ ከእሷ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ወባ የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ አያድግም፤ 25 ሲገባ ግን 10 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ውጭው ቢቀዘቅዝም ትንኟ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ታርፋለች። ቆላ ያደገ ሰው ደጋግሞ ታሞ ሰውነቱ ትንሽ ለምዶታል። የኛ ሰው አልለመደውም፤ ስለዚህ ወረርሽኝ ሲነሳ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም እኩል ይጥላል።

በምሳ ሰዓቷ ቤታችን ድረስ መጣች። ለግድግዳ ጭቃ ያወጣንበት ጉድጓድ ዝናብ አቁሯል። በነጭ ኩባያ ቀድታ አሳየችን፦ ጥቃቅን እጮች ውሃው ላይ ጋደም ብለዋል። የወባ ትንኝ እጭ እንዲያ ነው የሚተኛው፤ የሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። አሥር ጊዜ ያለፍኩበት ጉድጓድ ነው፣ አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁት።

ትኩሳት ያለበት ሰው ካለ፣ በተለይ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር፣ ነገ ሳትሉ ውሰዱላት። ወረፋው ይረዝማል፣ ማልዳችሁ ሂዱ።

አባቴ ጉድጓዱን ደፍኖታል። አሁን ጎረቤት ሲያተኩሰው የተወጋ ጣቱን እያሳየ "እሷ ጋ ሂድ" ይላል።