ባለ 10 ኢንች ዶብሶኒያን፦ የሚሸከም ጓደኛ ላለው ሰው

ሰው ቴሌስኮፕ ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «500 እጥፍ» ተብሎ ስለተጻፈ እንዳትሸወዱ። ዋናው የመስታወቱ ስፋት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ያመሸንበት ባለ 10 ኢንች ዶብሶኒያን የሚባል ቴሌስኮፕ 254 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስታወት አለው። ጨለማ ውስጥ 7 ሚሊሜትር ያህል ከሚከፈተው የዓይናችን ብሌን ከ1,300 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል።

ሲያዩት አያምርም። ወፍራም ቱቦ፣ ከሥሩ የሚሽከረከር የእንጨት ሳጥን፣ በቃ። ሞተር የለው ምን የለው፣ በእጅ ገፋ ገፋ ነው። ስሙን ያወረሰው አማተር የሥነ ፈለክ ሰው ጆን ዶብሰን ይህን አሠራር ያስፋፋው ማንም ሰው በርካሽ ራሱ እንዲሠራው ብሎ ስለሆነ ገንዘባችሁ ለጌጥ ሳይሆን ለመስታወቱ ይውላል፤ ለእኔ ትልቁ ነጥቡ ይሄ ነው። ክብደቱ ግን አይጣል! ቱቦውን አንዱ፣ መቆሚያውን ሌላው ካልያዘ ወገብ ይቆርጣል።

አውጥታችሁ ወዲያው አትዩበት። መስታወቱ እንደ ውጪው አየር እስኪቀዘቅዝ ምስሉ ይርገበገባል። ዓይንም ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ መሃል ላይ አንዱ ስልኩን ሲያበራ (እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይጠፋም) ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ቀይ መብራት ያዙ።

ሳተርን ላይ ስንደርስ ግን ወሬ ቆመ። 10 ሚሊሜትሩን የዓይን ሌንስ ስንገጥም 120 እጥፍ አካባቢ ያጎላል። ቀለበቱ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ጨረቃው ታይታንም ጎን ላይ እንደ ነጥብ። አንዷ ጓደኛችን «ፎቶ ለጥፋችሁበት ነው አይደል?» ብላ የቱቦውን አፍ ልታይ ሄደች። ምድር ስለምትዞር ሳተርን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከእይታ ይወጣል፣ ስለዚህ ተራ የደረሰው ሁሉ ቱቦውን በጣቱ መግፋት መልመድ አለበት።

አንድሮሜዳ ላይ ግን የጓደኞቼ ፊት ጠቆረ። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቅ ጋላክሲ ሆኖ የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነው። ፎቶ ላይ የምናየው ያ ሁሉ ቀለም ካሜራ ለረጅም ሰዓት ብርሃን ሰብስቦ የሚያወጣው ነው፤ ይህን ለእንግዶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ባለ 6 ኢንቹን ውሰዱ፣ ቀላል ስለሆነ ቤት አይቀመጥም። አጋዥ ካላችሁ ባለ 10ሩን ሳታመነቱ ግዙት። መስታወቶቹን ማስተካከያ መሣሪያም አብራችሁ ያዙ፤ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ከመስመር መውጣታቸው አይቀርም።