በኮቪድ ጊዜ እርግዝናዬን ለተከታተለችልኝ አዋላጅ ነርስ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። እኔ ያኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። በዚያ ሰሞን ነፍሰ ጡር የነበረች ሴት የምለው ይገባታል። ክትትል ብቻሽን ትገቢያለሽ፣ ባልሽ ውጭ ይቀራል። እናትሽ ልታይሽ ትጓጓለች፣ ግን አንቺን እንዳታስይዝሽ ትፈራለች። ሐኪም ቤት መሄድም ያስጨንቃል፣ መቅረትም ያስጨንቃል።

የኔ ሲስተር መጀመሪያ ያደረገችው ይህንን ፍርሃት መልክ ማስያዝ ነው። ክትትሉ ግማሹ በስልክ ሲሆን፣ በስልክ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይታ ነገረችኝ። ምክር በስልክ ይሆናል። ደም ግፊት፣ ሽንት ምርመራ፣ የልጁ የልብ ምት ግን አይሆንም። «ለነዚህ ማስክሽን አድርገሽ ትመጫለሽ፤ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት እይዝልሻለሁ» አለችኝ። ያዘችልኝም።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አልለቅ ያለ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ካየሁ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብኝ፣ ወረርሽኝ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ እንዳላድር አስጠነቀቀችኝ። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ እናትንም ልጅንም የሚገድለው የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆኑ ይችላሉ። ኮቪድ ስለመጣ እሱ አልቀረም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን በሌላ ነገር ነው። ግፊቴን ለክታ፣ ማሰሪያውን ከክንዴ ፈትታ ስታበቃ ወንበሯን ፈቀቅ አድርጋ ትቀመጥና «እንቅልፍሽስ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ» ብላት አትለቀኝም። «ሌሊት ስትነቂ ምን ምን ታስቢያለሽ?» ትላለች። ሌላ ሰው እንደዚህ አልጠየቀኝም። ሁሉም የሚያየው ሆዴን ነበር።

አንድ ቀን 10 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። የኤዲንብራ መለኪያ ይባላል፣ የድብርት ምልክት መኖሩን ያሳያል። ለአራሶች የተዘጋጀ ነው፣ በእርግዝናም ይሠራበታል። የሚጠይቀው ስላለፉት 7 ቀናት ነው፦ መሳቅ ችለሻል? ያለ በቂ ምክንያት ተጨንቀሻል? ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሻል? መልሴን አንብባ አልደነገጠችም፣ አልገሠጸችኝም፣ «ለልጅሽ ስትይ በርቺ» ብላም አላለፈችኝ። ድብርት ከ10 ነፍሰ ጡሮች አንዷን ገደማ የሚያጋጥም ነገር እንደሆነና እንደሚታከም ነገረችኝ። ከዚያ እዚያው እያለሁ ስልኳን አንስታ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር አገናኘችኝ። ስልክ ቁጥር ሰጥታ ብትሸኘኝ ኖሮ እንደማልደውል ታውቅ ነበር።

ቤት ተዘግቶ መዋሉ ለሰውነትም አይበጅም። በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ለነፍሰ ጡር ይመከራል፤ እሷ ከፋፍላ በየቀኑ ስልክ እያወራሁ በክፍሉ ውስጥ እንድራመድ አደረገችኝ። ኮቪድ የያዛት እናት እጇን ታጥባ፣ ማስክ አድርጋ ማጥባት እንደምትችልም የሰማሁት ከሷ ነው፤ ያውም ከመውለዴ በፊት፣ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ተቃራኒውን በሚልበት ሰዓት።

አሁንም ሥራዋ ላይ ናት። ስሟን በአደባባይ እንድጽፍ ስላልፈለገች በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ እጠቁማችኋለሁ። እሷ ጋ መድረስ የማትችሉ ደግሞ በምትከታተሉበት ቦታ ያንን የ10 ጥያቄ መለኪያ እንዲያስሞሏችሁ ጠይቁ። በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፣ ሞልቶ ለመጨረስም ደቂቃዎች ይበቃሉ።